ለአማርኛ ድረ ገጽ የሚሆን ነፃና ጥራት ያለው ፎንት የቱ ነው?

ናቲ_ዲዛይን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ዜና ድረ ገጽ ዲዛይን ላይ ነኝ። ለላቲኑ ኢንተር የሚባለውን ፎንት መርጫለሁ፤ አማርኛው ግን ዊንዶውስ ላይ አንድ መልክ፣ አይፎን ላይ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል። ለርዕስ አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ሞክሬ «ጭ» እና «ጬ» ሲወፍሩ ድፍን ይላሉ። ለንግድ ሥራ የሚፈቀድ ነፃ ፎንት ጠቁሙኝ። አብዛኛው አንባቢ በሞባይል ዳታ ስለሚገባ ፋይሉ ባይከብድ ደስ ይለኛል።

ብራና፦
መልኩ የሚለያየው ኢንተር የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ብሮውዘሩ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ይተካል፤ ዊንዶውስ ላይ «ኢብሪማ» ወይም «ኒያላ»፣ አፕል ላይ «ከፋ» የሚባሉትን ፎንቶች። ኒያላን ሰርቨር ላይ ልጫን እንዳትል፤ ከዊንዶውስ ጋር መጣ ማለት ለማሰራጨት ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ውሰድ። ጉግል ፎንትስ ላይ አለ፣ ፈቃዱም ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆነ ለንግድ ድረ ገጽ ይሆናል። ውፍረቱ ከ100 እስከ 900፣ ስፋቱ ከ62.5 እስከ 100 በመቶ በአንድ ቫሪያብል ፋይል (ውፍረትና ስፋቱ እንደፈለግህ በሚስተካከል ፋይል) ይገኛል። «ደንበኝነትዎን ያረጋግጡ» የሚለው አዝራር ውስጥ አልገባ ካለ ፊደሉን ከማሳነስ ስፋቱን ወደ 85 ማውረድ ይሻላል።

አቢሲኒካ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ራሱ ሲያወፍረው የ«ጬ» ቀለበት ይደፈናል። ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ «font-synthesis: none» ብለህ ጻፍ፤ ያኔ የውሸት ውፍረቱም የውሸት ዘመም ጽሑፉም ይቀራል። ለአማርኛ ማዘመም አይመከርም፤ ማጉላት ከፈለግህ የኖቶን እውነተኛ 600 ውፍረት ተጠቀም።

ፊደለኛ፦
በብራና ሐሳብ እስማማለሁ፤ ለረጅም ጽሑፍ ግን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ዓይን ያሳርፋል፣ እሱም ብዙ ውፍረት አለው። የግዕዝ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሩ ጥቅጥቅ ይላል፤ መጠኑን 18 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታውን 1.7 አድርገህ ጀምር።

ሲኤስኤሱ ውስጥ ፎንቶቹ በሚዘረዘሩበት «font-family» ላይ ኢንተር ይቅደም፣ ኖቶ ይከተል። ከተገለበጠና ኖቶው ፋይል ውስጥ የላቲን ፊደላትና አኃዞች ካሉ ኢንተርህ ከነጭራሹ አይታይም።

ፋይሉን ራስህ ሰርቨር ላይ ካስቀመጥክ ፎንትቱልስ በሚባለው የፎንት ማስተካከያ ፕሮግራም የማያስፈልጉትን ፊደላት አውጥተህ ቀንሰው። ለአማርኛ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው ይበቃል፤ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እዚያው ናቸው። ጉራጊኛ ካለህ ግን አይበቃም፣ ተጨማሪዎቹን የኢትዮፒክ ክልሎች አስገባ። ውጤቱን ዎፍ2 (የታመቀ የድረ ገጽ ፎንት ፋይል) አድርገህ አውጣ፤ ብሮትሊ የሚባለው የማመቂያ ሞጁል ካልተጫነ እዚህ ላይ ስህተት ይሰጥሃል። ሲኤስኤሱ ላይ «font-display: swap» ብለህ ጻፍ፣ ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ እንዳይጠፋ።

ብራና፦
አንድ ነገር ልጨምር። አቢሲኒካን እንደዚያ ቀንሰህ በዚያው ስም አታውጣው። ስሙ በፈቃዱ የተጠበቀ ነው፣ መቀነስም እንደ ማሻሻል ይቆጠራል። ኖቶ ላይ ይህ ገደብ የለም።

ናቲ_ዲዛይን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከየትም የሚወርዱት «ነፃ የግዕዝ ፎንት» የሚባሉትስ? አንዳንዶቹ ለርዕስ ያምራሉ።

ፊደለኛ፦
መጀመሪያ ዩኒኮድ መሆናቸውን አረጋግጥ። ከገጹ አንድ ቃል ቀድተህ ኖትፓድ ላይ ለጥፍ፤ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ የድሮው ዓይነት ነው፣ ጉግልም አማርኛ አድርጎ አያነበውም። ቀጥሎ ከፋይሉ ጋር የፈቃድ ሰነድ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ለደንበኛ ሥራ አትንካው።

የትኛው ፎንት በትክክል እየሠራ እንደሆነ ለማየት ክሮም ላይ ቃሉን ኢንስፔክት አድርግና ኮምፒውትድ የሚለውን ክፍል እስከ ታች ውረድ። እዚያ ኢብሪማ ካየህ የኖቶ ፋይልህ አልተጫነም ማለት ነው፤ አድራሻውን ፈትሽ።