የኦስትዋልድ ቪስኮሜትር፦ የፍሰቱ ጊዜ በየልኬቱ እያጠረ ይሄዳል

ጥያቄ፦
በኦስትዋልድ ቪስኮሜትር (ፈሳሽ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ለመውረድ በሚፈጀው ጊዜ በሚሠራ መለኪያ) የግሊሰሪንና የውሃ ድብልቅ ቪስኮሲቲ (ፈሳሹ ለመፍሰስ ያለውን እምቢታ) በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እየለካሁ ነው። ቱቦው የአምራች ቋሚ ቁጥር (የፍሰቱ ጊዜ የሚባዛበት) ስለሌለው መጀመሪያ በተጣራ ውሃ አስተካክለዋለሁ። ውሃው ከላይኛው ምልክት ታችኛው ድረስ ለመውረድ በተከታታይ 62.4፣ 61.5፣ 60.9 ሰከንድ ፈጀ። የዋተር ባዙ (ቱቦው የተነከረበት፣ ሙቀቱ የተጠበቀ ውሃ) ቴርሞሜትር ግን ከ25 ንቅንቅ አላለም። የድብልቁ ውጤትም በዴንሲቲ አባዝቼው እንኳ ከሠንጠረዡ በታች ይወጣል። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦
ጊዜው ሳይዋዥቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ጥፋቱ የስቶፕዎች አያያዝ አይደለም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ገና እየሞቀ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚያሳይህ የባዙን ሙቀት እንጂ የናሙናውን አይደለም። በ25 ዲግሪ አካባቢ የውሃ ቪስኮሲቲ በየዲግሪው 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያንተ ልዩነት 2.4 በመቶ ስለሆነ ውሃው አንድ ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነው የጀመረው። የላይኛው ምልክት ከባዙ ውሃ በታች እስኪሆን ቱቦውን አጥልቀህ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ሦስት ተከታታይ ልኬቶች በ0.2 በመቶ ውስጥ ካልተቀራረቡ አትመዝግብ።

ጊዜው እየረዘመ ቢሄድ ኖሮ የምጠረጥረው አቧራ ነበር። ፍሰቱ ከራዲየሱ አራተኛ ፓወር ጋር ስለሚሄድ ካፒላሪው (የቱቦው ቀጭን ክፍል) 1 በመቶ ቢጠብ ጊዜው 4 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ናሙናውን አጣርተህ ጨምር፤ ቱቦውን በውሃ፣ ቀጥሎ በአሴቶን እጠብና በንጹሕ አየር አድርቀው።

መልስ 2፦
የሙቀቱ ነገር ልክ ነው። ውጤቱን ወደ ታች የሚጎትተው ግን ሌላ ነው፤ 60 ሰከንድ በጣም አጭር ነው። ውሃው ሲፈጥን የሚገፋው ግፊት ሁሉ ግጭትን ለማሸነፍ አይውልም፤ ከፊሉ ፈሳሹን ለማፍጠን ይሄዳል። ስለዚህ ጊዜው ከሚገባው በላይ ይረዝምና ከእሱ የሚሰላው ቋሚ ቁጥር ያንሳል። ቀስ ብሎ የሚወርደውን ድብልቅ በዚያ ቋሚ ስታባዛው ውጤቱም አብሮ ያንሳል። ውሃው ከ200 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ጠባብ ካፒላሪ ያስፈልግሃል።

መልስ 3፦
ፒፔቱንም (ፈሳሽ መስፈሪያውን) እዩት። በኦስትዋልድ ቱቦ የሁለቱ ፈሳሾች መጠን እኩል መሆን አለበት። ግሊሰሪን ያለበት ድብልቅ ፒፔቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ መጠኑ ሲጎድል በታችኛው አምፖል (ፈሳሹ በሚጠራቀምበት የቱቦው እብጠት) የፈሳሹ ከፍታ ዝቅ ይላል፣ የግፊቱ ከፍታ ያድጋል፣ ፈሳሹም ይፈጥናል። ይህም ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል። 10 ሚሊ ሊትሩን በፒፔት ከመስፈር በዴንሲቲው አስልቶ በሚዛን መመዘን ይሻላል። ኡቤሎድ ቪስኮሜትር ካለ ደግሞ እሱን ተጠቀሙ፤ ሦስተኛው ቱቦ የካፒላሪውን ታችኛ ጫፍ ለአየር ስለሚከፍተው የመጠን ልዩነት አያስጨንቅም።