ልክ የሆነ ተሳዳቢ ይታገድ ወይስ ይታለፍ?

ምንጭ የታል፦ ዊኪፔዲያ ላይ አንድ አራሚ አለ እንበል። የሚጽፈው ሁሉ በምንጭ የተደገፈ ነው። ግን ሰው ሳያንጓጥጥ አይውልም። ይታገድ ወይስ ይታለፍ? እኔ ይታለፍ ባይ ነኝ። አንባቢ የሚፈልገው ትክክለኛ ጽሑፍ ነው፤ ከጀርባ ማን ማንን እንደሰደበ ምን ገዶት?

ሞክሼ፦ ይታገድ። አንባቢውን ባይገደው ጸሐፊውን ይገደዋል። የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። የአንድ ሰዓሊ የልደት ዓመት አረምኩ፤ ምንጭም ጨመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ድሮው ተመለሰ። የገጹን ታሪክ (የለውጦቹን መዝገብ) ስከፍት ከለውጡ ጎን «መጀመሪያ ማንበብ ተማር» ይላል። የሚገርመው ሰውዬው ልክ ነበር! የእኔ ምንጭ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰዓሊ ነው፤ ለካ ስማቸው አንድ ነው። «ሞክሼ ናቸው» ቢለኝ እኮ ከስድቡ ያጥራል። ስምንት ወር ድርሽ አላልኩም። (ይሄ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።)

ምንጭ የታል፦ ያን ቀን ያንተን ዓይነት ስህተት ስንቴ እንዳረመ ታውቃለህ? ሰልችቶት ነው። ስንት ጥሩ ሥራ ያለውን ሰው በሦስት ቃል እናግደው?

የቆየ አራሚ፦ ጨዋነት ከአምስቱ የዊኪፔዲያ ምሰሶዎች (መሠረታዊ መርሆች) አራተኛው ነው፤ እሱ አያከራክርም። አስቸጋሪው መለኪያው ነው። የመመለስን ሕግ እዩት። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላ ሰው ለውጥ የመለሰ ሊታገድ ይችላል። እንደ ግልጽ ማበላሸት ካሉ ጥቂት ጉዳዮች በቀር «ልክ ነበርኩ» ማለት አያድነውም። መጋቢው (የማገድ ሥልጣን ያለው አራሚ) ቆጥሮ ይወስናል። ስድብን ግን በምን ይቆጥረዋል? «ተሳስተሃል» ሲባል የሚያኮርፍም አለ።

ሰርዝ ድልዝ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ተሳዳቢው ሳይሆን ጨዋው ነው። «በታላቅ አክብሮት» እያለ ያንኑ ምንጭ አልባ አንቀጽ በየሳምንቱ የሚመልሰው። ሦስቴን አያልፍማ! አንደበቱ ማር ነው፤ ገጹን ግን አበላሽቶታል። ጠብ የሚበርደው በአሠራር ነው እንጂ በትህትና አይደለም። የፖላንዷ ከተማ «ግዳንስክ» ትባል ወይስ «ዳንዚግ» እያሉ አራሚዎች ሲጨቃጨቁ ኖረው እ.ኤ.አ. 2005 ላይ ድምፅ ሰጡ። ከ1308 እስከ 1945 ላለው ዘመን ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ ግዳንስክ። አለቀ።

ሞክሼ፦ ድምፅ የሰጠው ማን ነው? በስድብ ያልተባረረው ነዋ።

ምንጭ የታል፦ እሺ፣ ይህችን ተቀበልኩ። ዘሎ ማገድን ግን አልስማማበትም። መጀመሪያ በራሱ የውይይት ገጽ ይነገረው። ካልሰማ ያኔ እናወራለን። ለመሆኑ ከስምንት ወር በኋላ ምን መለሰህ?

ሞክሼ፦ በስሜ ሳልገባ ሌላ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ለወጥኩ። እሱም ተመለሰ! ግን የውይይት ገጹ ላይ «እኔ ጋ ያለው መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ነው የሚለው፤ እርስዎ የትኛውን እትም ነው ያዩት?» የሚል ጥያቄ ጠበቀኝ። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ አየሁ። የእኔ አሮጌው እትም ነበር።