ኮሽሜ በየዓመቱ ያብባል፤ ፍሬ ግን አንድም ጊዜ አልቋጠረም

ጥያቄ፦ ባለጓሮዋ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከ9 ዓመት በፊት ከአንኮበር ቁልቁለት፣ ከዘመድ ማሳ ዳር ነቅዬ ያመጣሁትን አንድ የኮሽም ችግኝ በጓሮዬ ተክዬ እስከ ዛሬ ስንከባከበው ኖሬአለሁ። አሁን ከቤቱ ጣሪያ ጋር የተካከለ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ እሾሁም ሰው የማያስጠጋ ዛፍ ሆኗል። ባለፉት 4 ዓመታት ሳያቋርጥ ያበበ ሲሆን፣ ንቦችም ገና ከጠዋቱ ይርመሰመሱበታል፤ ይሁን እንጂ አበባው ረግፎ ሲያልቅ ቅርንጫፉ ባዶውን ይቀራል እንጂ አንዲት ፍሬ እንኳ ይዞ አያውቅም። ዛፉን የተከልሁት በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ጥርሳችን እስኪጠርስ የበላነውን ያን ኮምጣጣ ፍሬ ለልጆቼ ለማቅመስ ነበር። አሁን ግን ቤተሰቤ «ቆርጠሽ ፖም ትከይበት» እያለ ይወተውተኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ጥፋቱ የአመዳዩ ይሆን፣ ወይስ የአፈሩ?

ምላሽ፦ ባለአጥሩ፣ ፍቼ

እኔ ኮሽምን የማውቀው በአጥርነቱ ነው፤ ከብትም ሌባም የማያሳልፍ አጥር ነው። በልምዴ እንዳየሁት በየጊዜው የሚከረከም ኮሽም ፍሬ አይሰጥም፤ አበባ የሚይዙት ቅርንጫፎች ከመቀሱ ጋር አብረው ስለሚሄዱ ነው። እርስዎም ለቅርጹ ሲሉ የሚከረክሙት ከሆነ ለ2 ዓመት ያህል ሳይነኩት ይተዉትና ይመልከቱ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቢጨምሩለትም አይጎዳም።

ምላሽ፦ የችግኝ ሰው፣ ደብረ ታቦር

ከላይ የተሰጠው ምክር ላላበበ ዛፍ ትክክል ነው፤ የእርስዎ ግን በየዓመቱ እንደሚያብብ ስለገለጹ ችግሩ ከመቀስም ከፍግም የመጣ አይመስለኝም። ኮሽም እንደ ኮሶና እንደ ጥድ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል ነው፤ ፓፓያ ያለማ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ወንዴው ዛፍ ዕድሜ ልኩን ቢያብብ ፍሬ አይሰጥም፤ ሴቴውም ቢሆን ንቦች ብናኝ የሚያመጡለት ወንዴ በአቅራቢያው ከሌለ አበባውን ያረግፋል። እርስዎ አንድ ዛፍ ብቻ ስላለዎት፣ የትኛውም ቢሆን ውጤቱ ያው ነው። ብርዱንም ቢሆን አይውቀሱት፤ ኮሽም ከ1,700 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚገኝ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው።

የዛፉን ጾታ ለመለየት በሚቀጥለው ሲያብብ ጥቂት አበቦችን ቀጥፈው በብርሃን ያስተውሉ። የወንዴው አበቦች ሰብሰብ ብለው የሚወጡ ሲሆን፣ መካከላቸው ጫፋቸው ብናኝ በያዘ ቀጫጭን ክሮች የተሞላ ነው። የሴቴው አበባ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይወጣል፤ መካከሉ ላይም ወደፊት ፍሬ የሚሆን ትንሽ አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር ይታያል። ይህን ሳያረጋግጡ መጥረቢያ አያንሡ፤ ወንዴ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አንድ ወንዴ ለብዙ ሴቴዎች የሚበቃ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም።

ምላሽ፦ የአትክልት ወዳጅ፣ አዲስ አበባ

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ ለአጥር ተብሎ በብዛት የሚተከለውና ብዙ ሰው «ኮሽም» የሚለው ተክል ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የኮሽም ዘመድ እንጂ የአገራችን ኮሽም አይደለም። የመጤው ቅጠል አነስ ያለና በአጫጭር ቅርንጫፎች ላይ የተጠጋጋ ሲሆን፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል። የእኛው ፍሬ ግን ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ሲሆን፣ የአበባው መቀመጫ ቅጠሎችም ፍሬው ሥር ሳይረግፉ ይቆያሉ። ሁለቱም ወንዴና ሴቴ አላቸው። በነገራችን ላይ የእኛው ኮሽም አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ግዛት ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ፣ ዲቃላው ዛሬ በብዙ የውጭ አገር ጓሮዎች ይለማል። እኛ ግን ቆርጠን ፖም ልንተክልበት እንማከራለን!

ባለጓሮዋ፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ዘግይቶ ያበበ ቅርንጫፍ ስለነበር ምክራችሁን እንዳነበብሁ ወጥቼ አየሁት፤ አበቦቹ በሙሉ ክር ብቻ ናቸው። ወንዴ ነው ማለት ነው። ሴቴ ችግኝ ለይቶ መግዛት ይቻላል?

የችግኝ ሰው፣ ደብረ ታቦር

አይቻልም፤ ችግኙ እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይታወቅም፤ «ሴቴ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎትንም አይመኑ። ስለዚህ ያለዎት አማራጭ ቁጥሩን ማብዛት ነው። ከአንኮበር የበሰለ ፍሬ ያስመጡና ፍሬውን ጨምቀው፣ ዘሩን አጥበው፣ በጥላ ሥር ካጠፈፉት በኋላ ሳይውል ሳያድር በችግኝ ከረጢት ይዝሩት። ከሚበቅሉት ውስጥ ቢያንስ 6 ይትከሉ፤ አንዱ እንኳ ሴቴ ሳይሆን የሚቀርበት ዕድል እጅግ ጠባብ ይሆናል። ችግኞቹ ገና ለጋ ሳሉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማታ ማታ የሣር ዳስ ያልብሷቸው፤ ትልቁን ዛፍ የማይነካው አመዳይ እነርሱን ሊፈጃቸው ይችላል።

ሁሉንም በአጥርዎ መስመር ላይ እንዲተክሏቸው እመክራለሁ። ሲያብቡ ሴቴዎቹን በክር ምልክት አድርገው እንዲያድጉ ይልቀቋቸው፤ ወንዴ የሆኑትን ደግሞ የፍቼው ወንድማችን እንዳሉት እየከረከሙ አጥር ያድርጓቸው።