የውኃ መስመር ኤዲተሬ ራሱ ሜሞሪ ያፈሳል፦ ቀጠና በቀየርኩ ቁጥር ይጨምራል

አንገረብ_ማዶ

ሰላም እንዴት ናችሁ። በብራውዘር የሚሠራ የውኃ መስመር ኤዲተር እየሠራሁ ነው፤ የጎንደርን ስርጭት አዘዞ፣ ማራኪ፣ ፒያሳ እያለ በየቀጠናው ከፍቶ ማረሚያ። መጋጠሚያ፣ ቫልቭና ታንከር ኖድ ናቸው፣ ቧንቧው ኤጅ። የአዘዞው የሙከራ ፋይል 3,200 ኖድና 3,600 ኤጅ አለው። ገጹ የተሠራበት ላይብረሪ ሪአክት 18 ነው፣ ሥዕሉ ኤስቪጂ (ኖዱ ክብ፣ ቧንቧው መስመር ሆኖ)፣ ግራፉ (የኖዶቹና የኤጆቹ መረብ) ደግሞ ከሪአክት ውጭ በአንድ ስቶር (የዳታ ማከማቻ) ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሲከፈት 90 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ቀጠናውን ሳልነካው ዘግቼ እንደገና ስከፍት 40 ያህል ይጨምራል፤ ኖድ እየጎተትኩ ካረምኩበት ግን ከ100 በላይ። አሥር ጊዜ ያህል ከተቀያየረ በኋላ 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ታቡ ይሞታል።

ውስጡ ያለው፦ የመመለሻ ታሪክ (50 እርምጃ ብቻ)፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው አብሮ እንዳይጠፋ በየ5 ሰከንዱ ወደ ኢንዴክስድዲቢ (የብራውዘሩ ዳታቤዝ) የሚያስቀምጥ ታይመር፣ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ 3 ሊስነር (ክስተት ሲመጣ የሚጠራ ፈንክሽን)። ኖዱ ኤጆቹን ይይዛል፣ ኤጁም ሁለቱን ኖዶች ይይዛል። ጋርቤጅ ኮሌክተሩን (የማያስፈልግ ሜሞሪ ጠራጊውን) ያሳሳተው ይሄ ዙሪያ ጥምጥም ይሆን? ሁሉንም ወደ ዊክማፕ (ቁልፉን ከመጠረግ የማያግድ ማፕ) ልቀይረው አስቤያለሁ።

ማራኪ_02

ዊክማፑን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። ዙሪያ ጥምጥሙ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ እሱ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ዘመን በሽታ ነው። የዛሬው ኮሌክተር ከሥር ይነሳል፤ ከዊንዶው፣ ከታይመር፣ በሥራ ላይ ካለ ፈንክሽን። የደረሰበትን ምልክት ያደርጋል፣ ያልደረሰበትን ይጠርጋል። እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት ሺህ ኖዶች ከሥር ከተቆረጡ አብረው ይሄዳሉ።

የመያያዙ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው ያለው። «መጨረሻ የተመረጠው» በሚል ተለዋዋጭ ውስጥ አንዲት ኤጅ ብትረሳ፣ ከኤጇ ወደ ኖድ፣ ከኖዱ ወደ ሌላ ኤጅ እየተባለ መረቡ በሙሉ ይተርፋል። አዘዞ ላይ አንድ ቧንቧ ስትስብ እስከ አንገረብ ግድብ ያለው ሁሉ ተከትሎ እንደመምጣት ማለት ነው። ስለዚህ ኤጁ ኖዱን ራሱን ሳይሆን መለያውን ብቻ ይያዝ። አንድ ማፕ (በቁልፍ የሚፈለግ መያዣ) ለኖዶች፣ አንድ ማፕ ለኤጆች፣ ሦስተኛው ከኖድ መለያ ወደ ኤጅ መለያዎች ሴት (የጃቫስክሪፕቷን ሴት ነው የምልህ)። ቫልቭ ሲሰረዝ በሦስተኛው ማፕ ኤጆቹን ታገኛለህ፣ መጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ ኖዱን ትሰርዛለህ። ሁሉም በአንድ የመመለሻ እርምጃ ይግባ፤ አለዚያ ኮንትሮል ዜድ ቫልቩን ብቻ መልሶ ቧንቧዎቹን ያስቀራል።

ዊክማፕ ቁልፉ ኦብጀክት እንዲሆን ይፈልጋል፤ መለያህ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ከሆነ ወዲያው ስህተት ይጥላል። ደግሞ ውስጡን መዘርዘር አይቻልም፣ ግራፉን ፋይል ላይ እንዴት ልትጽፈው ነው?

አሁን ገምተህ ከምትጠግን ለካ፦

1. ኤክስቴንሽን እንዳይቀላቀልብህ በኢንኮግኒቶ ክፈት። አዘዞን አንዴ ከፍተህ ዝጋ፤ የመጀመሪያው ዙር ካሽ ስለሚሞላ አይቆጠርም።
2. ዴቭቱልስ (የብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ)፣ ሜሞሪ፣ ቆሻሻ ሰብስብ የሚለውን ተጫን፣ ሂፕ ስናፕሾት (በዚያች ቅጽበት ሜሞሪ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ቅጂ) ውሰድ።
3. 7 ጊዜ ክፈትና ዝጋ። 10 አታድርገው፤ የ7 ብዜት በአጋጣሚ እምብዛም አይመጣም፣ ዓይን ውስጥ ይገባል።
4. ሁለተኛ ስናፕሾት ወስደህ በኮምፓሪዝን ከመጀመሪያው ጋር አስተያይ። ማጣሪያው ላይ «ዲታችድ» ብለህ ጻፍ፤ ከገጹ ተነቅሎ ያልተጠረገ ኤለመንት ይወጣል።
5. አንዱን መርጠህ ከታች ሪቴይነርስን አንብብ። ማን እንደያዘው እዚያ አለ። ሻሎ ሳይዝ (የራሱ ብቻ መጠን) ትንሽ ነው ብለህ አትለፈው፣ የሚታየው ሪቴይንድ ሳይዝ (እሱ ቢጠረግ አብሮ የሚለቀቀው) ነው።

ሽሮ_በኮድ

ስናፕሾቱ እስኪመጣ፣ እኔ ታይመሩን እጠረጥራለሁ። ቀጠና በተከፈተ ቁጥር ሴትኢንተርቫል (በየጊዜው ፈንክሽን የሚጠራው ታይመር) እየተነሳ የቀድሞው ካልተገደለ፣ ፈንክሽኑ የድሮውን ግራፍ እንደያዘ ይኖራል። ሜሞሪው ይቅር፤ ሁሉም «አሁን የተከፈተው» በሚል አንድ ቁልፍ የሚያስቀምጡ ከሆነ የአዘዞ አሮጌ ግራፍ የማራኪን ሥራ በየ5 ሰከንዱ ይደመስሰዋል። ይሄ ከታቡ ሞት ይብሳል። ቁልፉ የቀጠናው መለያ ይሁን።

ከሊስነር ጋር የሚሠራ ስህተት ደግሞ፦ ሲጨመር ባይንድ ተደርጎ (ፈንክሽኑ ከኦብጀክቱ ጋር ታስሮ)፣ ሲነሳም እንደገና ባይንድ ማድረግ። ባይንድ በተጠራ ቁጥር አዲስ ፈንክሽን ነው የሚሰጥ፤ ማንሻው ሪሙቭኢቨንትሊስነር ያንን ፈንክሽን አያውቀውም፣ ስህተትም አይናገርም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ካፕቸር (ክስተቱን ከላይ ሲወርድ የመስማት ምርጫ) ብለህ ጨምረህ ያለ ካፕቸር ብታነሳም እንደዚሁ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ አቦርትኮንትሮለር (የማቋረጫ ሲግናል የሚልክ ኦብጀክት) ነው። በአድኢቨንትሊስነር ሦስተኛ ቦታ በሚገባው የምርጫ ኦብጀክት ውስጥ ሲግናሉን ስጥ፣ ለፌችም (ከሰርቨር ዳታ ማምጫው) ያንኑ። ቀጠናው ሲዘጋ አንድ ጊዜ አቦርት፣ ሁሉም ይወርዳል። ታይመር ሲግናል አይቀበልም፤ ክሊርኢንተርቫልን ለብቻው ጥራ፣ ሪሳይዝኦብዘርቨር (የመጠን ለውጥ ተከታታይ) ካለህ ዲስኮኔክት፣ ፒኤንጂ ማውረጃ ካለህም የፈጠርከውን ብሎብ ዩአርኤል (ሜሞሪ ውስጥ ላለ ፋይል የተሰጠ አድራሻ) ሪቮክ አድርገው፤ ገጹ እስኪዘጋ ድረስ በራሱ አይለቅም።

በኖድ 3 ሊስነር ማለት ደግሞ 9,600 ነው። ኤስቪጂው ራስ (ሁሉን የያዘው ኤለመንት) ላይ ሦስቱን ብቻ አድርግ፣ የተነካውን በክሎሰስት (ወደ ወላጅ እየወጣ በሚፈልገው) ፈልገህ መለያውን ከዳታ አትሪቢዩቱ አንብብ።

አንገረብ_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ። 7 ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ፦ ዲታችድ ክብ 22,400፣ ዲታችድ መስመር 25,200። ልክ የ3,200 እና የ3,600 ሰባት እጥፍ! ሪቴይነርሱ ወደ ዊንዶው ኪዳውን ሊስነር ይወስዳል፤ ኮንትሮል ዜድን የሚሰማው ነው። ባይንድ ተደርጓል፣ እንደተባለው። ግን ያ ፈንክሽን የሚነካው የኤስቪጂውን ራስ ብቻ ነው፣ ክቦቹ ለምን ቀሩ?

ማራኪ_02

ከገጹ የተነቀለ ዛፍ ወላጅም ልጆቹን፣ ልጅም ወላጁን ይይዛል። ራሱን መያዝ ሁሉንም መያዝ ነው፤ አንዲት ክብ ብትያዝም ያው። ክሊንአፑን (የማፍረሻ ፈንክሽኑን) ዩዝኢፌክት (ሪአክት ኢፌክት የሚያስነሳበት) ውስጥ ሪተርን አድርግ፣ ስትሪክትሞድንም (የሪአክት ጥብቅ መፈተሻ) አታጥፋው። በሪአክት 18 በልማት ጊዜ እያንዳንዱን ኢፌክት አንዴ አስነስቶ፣ አፍርሶ እንደገና የሚያስነሳው ይህን ጉድ እንዲያሳይ ነው። አንድ ጊዜ ኮንትሮል ዜድ ተጭነህ ሁለት እርምጃ ከተመለሰ ሊስነሩ አልተነሳም ማለት ነው።

ቀሃ

40ው ሜጋባይት ተፈታ፣ የጉተታው 60 ቀረ። ታሪክህ በየእርምጃው የግራፉን ሙሉ ቅጂ የሚይዝ ይመስለኛል። 6,800 ኦብጀክት በ300 ባይት ቢገመት አንዱ ቅጂ 2 ሜጋባይት ነው፤ በ50 ሲባዛ 100። ለመሆኑ በፖይንተርሙቭ (ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ በሚመጣው ክስተት) ነው ወደ ታሪክ የምትጽፈው? እሱ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ አንድ ቫልቭ አንድ ሰከንድ ሳትጎትት 50ው ይሞላል። ምልክቱ፦ ከጉተታ በኋላ ኮንትሮል ዜድ ቫልቩን በፒክስል እያንቀራፈፈ ይመልሰዋል፣ ከዚያ በፊት የሠራኸው ደግሞ ጠፍቷል።

ሲጎተት ቦታውን ብቻ ቀይር፤ ፖይንተርአፕ (ጠቋሚው ሲለቀቅ) ሲመጣ መለያውን፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ቦታ የያዘ አንድ እርምጃ ጻፍ። 200 ባይት አይሞላም፣ ገደቡን 500 ብታደርገው እንኳ አይሰማህም። ፖይንተርካንስልን አትርሳ፤ ታብሌት ላይ ጣት ወደ ማሸብለል ሲዞር አፕ ሳይሆን እሱ ነው የሚመጣው፣ ካልያዝከው ጉተታው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ታሪኩም የቀጠናው ንብረት ይሁንና አብሮ ይዘጋ። በስቶሩ ውስጥ በየቀጠናው ስም የተቀመጠ ታሪክ ካለህ፣ ማንም የማይከፍተው መጋዘን ነው።

ኢመር የመሰለ ያልተቀየረውን የሚጋራ ላይብረሪም አለ፤ ለዚህ ግን እርምጃ መጻፉ ይበቃል ባይ ነኝ።

አንገረብ_ማዶ

አዎ፣ በፖይንተርሙቭ ነበር። ቀየርኩት፣ ከ7 ዙር በኋላ 96 ላይ ቆመ፤ ሸጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ዴቭቱልስ ክፍት ሲሆን አሁንም አንድ ሙሉ የአዘዞ ግራፍ ስናፕሾቱ ላይ ይታያል።

ሽሮ_በኮድ

ኮንሶል ሎግ አድርገኸው ይሆናል። ኮንሶሉ ላይ የታተመ ኦብጀክት ኮንሶሉ እስኪጸዳ አይጠረግም። አጽዳውና እንደገና ለካ።

አንገረብ_ማዶ

እሱው ነው። ከሎግ ላይ አጠፋሁት።