ፒኒያል እጢ አንጎል ላይ ተጣብቃ ነርቯ ለምን ከአንገት ይመጣል?

የቬት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ላቦራቶሪ ውስጥ የበግ አንጎል ከፍተን ነበር። ሁለቱን ትልልቅ የአንጎል ክፍሎች ከኋላ ገለጥ አድርገን ሰሬቤለሙን (ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል) ወደ ታች ስንጫን ፒኒያሏ ታየች፤ ለሰውነት ሌሊት መሆኑን የሚነግረውን፣ በሰው ላይ እንቅልፍን የሚያግዘውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን የምትሠራው እጢ ማለት ነው። ሮስትራል ኮሊኩለስ ከሚባሉት ሁለት የአንጎል ጉብታዎች መሃል ቁጭ ብላለች፤ ከፊቷ ደግሞ በአጭር ዘንግ ከአንጎሉ ጋር ተያይዛለች። ዘንጉ ውስጥ የነርቭ ክሮች እንዳሉ መጽሐፉ ይናገራል። ወረድ ብሎ ግን ዋናው ነርቯ ከአንገት፣ ክራኒያል ሰርቪካል ጋንግሊየን ከሚባለው የነርቭ ሴሎች ቋጠሮ ነው የሚመጣው ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? አንጎል አጠገቡ ያለችን እጢ ለማዘዝ ለምን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል?

አናቶሚ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ይሄን ርዕስ ከማስተምረው ሁሉ አብልጬ ነው የምወደው። ጊዜ ወስጄ ልመልስልሽ።

ከዘንጉ ልጀምር። የላይኛው ንጣፉ ሐበኑላር ኮሚሹርን ይይዛል፣ የታችኛው ፖስቴሪየር ኮሚሹርን፤ ኮሚሹር የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያገናኝ የነርቭ ክሮች ጥቅል ነው። በመሃላቸው የሦስተኛው ቬንትሪክል (አንጎል ውስጥ ያለ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት) ትንሽ ኪስ ትገባለች። ከነዚህ ኮሚሹሮች የሚነሱ ክሮች ወደ እጢዋ ብቅ ይላሉ፤ ብዙዎቹ ግን እንደ ፀጉር መያዣ ሽቦ ታጥፈው ወደመጡበት ይመለሳሉ። ይህንን በ1960 በነጭ አይጥ ላይ አጥርቶ ያሳየው የኔዘርላንዱ አናቶሚስት አሪየንስ ካፐርስ ነው። እጢዋን የሚያዘው ዋናው ነርቭ ከአንገቱ ጋንግሊየን የሚመጣው ሲምፓተቲክ ነርቭ (ያለ ፈቃዳችን ከሚሠሩት ነርቮች አንዱ) መሆኑንም እሱ ነው ያስረገጠው። ከዚያ ወዲህ በዘንጉ በኩል ከአንጎል በቀጥታ የሚገቡ ክሮች እንዳሉ ታይቷል፤ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መጽሐፍሽ አልተጋጨም።

አሁን መንገዱን ተከተይ። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ንጣፍ) ላይ ሜላኖፕሲን የሚባል ብርሃን ተቀባይ ቀለም የያዙ ልዩ የጋንግሊየን ሴሎች አሉ። የእነሱ መልእክት አንጎል ሥር ባለው ሃይፖታላመስ ውስጥ ሱፕራካያዝማቲክ ኒውክሊየስ የሚባለው የነርቭ ሴሎች ስብስብ ይደርሳል። የሰውነት ዋና ሰዓት ያለው እዚያ ነው። ከዚያ እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ወዳለው ፓራቬንትሪኩላር ኒውክሊየስ፣ ከዚያ በአንጎል ግንድ በኩል ቁልቁል ወደ ህብለ ሰረሰር የላይኛው የደረት ክፍል። እዚያ ነርቭ ይቀይርና ይወጣል። ሽቅብ ወደ አንገቱ ጋንግሊየን ይሄዳል፤ በሰው ሱፔሪየር የሚባለው ማለት ነው። ሌላ ነርቭ ይቀበለውና ወደ ራስ ቅል ይገባል፣ ቴንቶሪየሙን (ሰሬቤለሙን ከላይ የሚሸፍነውን ሽፋን) ይዞ እጢዋ ጋ ይደርሳል። የመጨረሻዋ ቅርንጫፍ ነርቩስ ኮናሪ ትባላለች። ልብ በይ፣ የምትገባው ከዘንጉ በተቃራኒ፣ በጫፏ በኩል ነው።

ሲመሽ የነርቩ ጫፎች ኖርአድሬናሊን ይለቃሉ። የፒኒያሎሳይቱ (የእጢዋ ሴል) ቤታ 1 ተቀባይ ይነቃቃል፣ አልፋ 1 የሚባለው ሌላ ተቀባይ ያጠናክረዋል፣ ሴሉ ውስጥ ትእዛዝ አድራሹ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል። ከዚያ ኤኤኤንኤቲ የሚባለው ኤንዛይም ሥራ ይጀምራል፤ ሴሮቶኒን በሁለት እርምጃ ሜላቶኒን ይሆናል። ሜላቶኒን ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ እንደተሠራ ሾልኮ ደም ይገባል። እጢዋ አታከማችም። ስለዚህ ነርቩ የሚያዘው መልቀቅን ሳይሆን መሥራትን ነው። ተማሪዎቼ ይህቺን ነጥብ ሲዘልሏት በጣም ነው የሚቆጨኝ። ሌሊት መብራት ሲበራ የአይጥ ኤንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ የሚወድቀውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ነርቩ ዝም ሲል ሥራው ይቆማል።

ለምን ዞረ ላልሽው፦ በዓሣ፣ በእንቁራሪትና በእንሽላሊት ፒኒያል ራሷ ብርሃን ታያለች፣ ወደ አንጎልም መልእክት ትልካለች። አጥቢዎች ላይ ሴሎቿ የማየት አቅማቸውን አጡ። ብርሃኑን ከዓይን መስማት ግድ ሆነባቸው። እንደኔ እንደኔ፣ ሲምፓተቲክ ነርቭ ወደ ራስ ደም ስሮች የሚሄድበት መንገድ ድሮም ነበር፤ እጢዋም በደም የበለጸገች ናትና ያንኑ መንገድ ተጠቀመችበት።

ነርስ ከሚኒሶታ፦
መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። የምሠራው የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ተሃድሶ ክፍል ነው። አንገታቸው ላይ ህብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ የተቆረጠባቸው ታካሚዎች የሌሊት ሜላቶኒናቸው ከፍ አይልም። ጉዳቱ ከደረት መሃል በታች የሆነባቸው ግን ሜላቶኒናቸው እንደ ሌላው ሰው ሌሊት ይጨምራል። እርስዎ የጻፉት መንገድ ምክንያቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ትእዛዙ የሚያልፈው በአንገት ነው። እርግጥ ሕመሙም፣ ለማገላበጥ መቀስቀሱም እንቅልፍ ይነሳል። ቢሆንም «ሌሊቱ አልነጋ አለኝ» ሲሉ ስሰማ ነገሩን እንደ መንፈስ ጭንቀት ብቻ እንዳናየው እፈልጋለሁ። ለደም ግፊት አቴኖሎል የሚወስዱም ላይ የሌሊት ሜላቶኒን ይቀንሳል፤ ቤታ 1 ተቀባዩን ስለሚዘጋ ነው። በዚህ የተነሳ ግን ማንም መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ።

ሲቲ ክፍል፦
አንድ ነገር ልጨምር። የምርመራ ውጤት ላይ «ፒኒያል ካልሲፊኬሽን» የሚል አይተው የሚደናገጡ ሰዎች አሉ። በአዋቂ ሰው ላይ የተለመደ የካልሲየም ክምችት ነው። ሲቲ ሳይመጣ በፊት እንዲያውም ሐኪሞች በኤክስሬይ የአንጎል መሃል ወደ ጎን መገፋቱን የሚያዩት በዚህችው ነጭ ነጥብ ነበር።

የቬት ተማሪ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጣዩ የላቦራቶሪ ሥራችን አይጥ ላይ ነው። እሷም ላይ እንደ በጓ ኮሊኩለሶቹ መሃል ልፈልጋት?

አናቶሚ አስተማሪ፦
አይ፣ እዚያ አትድከሚ። የአይጥ ፒኒያል ዋናው ክፍል ላይ ላዩን ነው ያለው፣ ሳይነስ የሚባሉት ትልልቆቹ የአንጎል ደም መልስ ቱቦዎች ከሚገናኙበት ሥር፣ ከራስ ቅሉ ጋር ተጠግቶ። ዘንጉ እንደ ክር ቀጭን ነው። አጥንቱን ቶሎ ብድግ ካደረግሽው እጢዋ ከአንጎል ተበጥሳ አብራ ትሄዳለች። አንጎሉ ላይ ካጣሻት ያነሳሽውን አጥንት ገልብጪና የውስጥ ፊቱን እዪ።