ምንም ያልተበላሸ ዕቃ ልቀይር? ባለ 5ኤል ሚኒባስ ነኝ

ጥያቄ፦ ባለ አባዱላ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የምትሠራ አባዱላ አለችኝ፤ ሞተሯ 5ኤል ናፍጣ ነው። ከወንድሜ ጋር ነው የገዛናት። እሱ ጅዳ ሆኖ ብሩን ላከ፣ እኔ እነዳለሁ። ሁለት ቤት የሚተዳደረው በእሷ ነው።

ቅዳሜ ዘይትና ፊልትሮ ላስቀይር ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ኪሎ ሜትሩን አየ፤ 318,000 አልፏል። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ፦ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ዘንጎች አስተካክሎ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ከነቴንሽነሩ (ከነመወጠሪያው)፣ የውሃ ፖምፓ፣ ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው)፣ የፍሬን ሸራ በአራቱም እግር፣ ፍሪሲዮን (የክላች ሸራ)። «የቱ ነው የተበላሸው?» ብለው «አንዱም። ግን ዕድሜያቸው ደርሷል፤ መንገድ ላይ ከሚያስቀሩህ አሁን ይቀየሩ» አለኝ። ድምሩ የሁለት ወር ገቢዬን ይበላል።

ሰውየው ሊያታልለኝ ነው አልልም። ግን መኪናዋን ከገዛን ገና ሰባት ወራችን ነው። ሻጩ «ቺንጋው ተቀይሯል» ያለኝ በአፉ ብቻ ነው፤ ወረቀት የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቲ ቤልት መብራትም (ቺንጋው የሚቀየርበትን ጊዜ የሚያስታውሰው) አይበራም። ሁሉንም ልቀይር ብል የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ። ምንም ሳልነካ ልሂድ ብል ደግሞ የምጭነው ሰው ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ቃሊቲ

ወንድሜ፣ ዝርዝሩን በአንድ ላይ አትየው። አብዛኛው ዕቃ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። የፍሬን ሸራ ይሳሳል፤ ጎማ አስወልቀህ በዓይንህ ታየዋለህ። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይጎትትም። ዲናሞ የባትሪ መብራት ያበራል። እነዚህን በየሰርቪሱ አስፈትሽ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ቀይር።

የታይሚንግ ቺንጋ ግን አይናገርም። ዝም ብሎ ይበጠሳል። በ5ኤል ላይ ሲበጠስ ደግሞ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል፤ ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው። 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል የሚባለው ለዚህ ነው፤ መብራቱም የሚበራው በዚያ ልክ ተቆጥሮ ነው። መብራቱን ግን ቺንጋው ሳይነካ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ መብራት ስለጠፋ አትመን። የሻጭ ቃልም አትመን። እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

የውሃ ፖምፓውን ተወው። ብዙ መኪና ላይ ፖምፓው በታይሚንግ ቺንጋ ስለሚዞር አብሮ መቀየሩ ልክ ነው። በ5ኤል ላይ የሚዞረው በውጭው ቺንጋ ነው። ካላንጠባጠበና ካልጮኸ ይቆይ። ቴንሽነሩን ግን እንዳትተው፤ አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ (በቴንሽነሩ መሽከርከሪያ) ላይ መጫን ብር መጣል ነው። ሽፋኑ ሲከፈት የካምሻፍቱንና የክራንኩን (ቺንጋው የሚያገናኛቸው የሞተር ዘንጎች) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ፣ ይይልህ። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

መልስ፦ የደሴ መስመር ሹፌር

እኔ «የሚቀጥለው ሰርቪስ ላይ» ስል ነው የተበጠሰብኝ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ፣ ሙሉ ጭኜ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ሞተሩ ጠፋ፣ በቃ። ጉሙ ወርዶ ነበር፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። አንዲት አራስ ነበረች፤ ጋቢዬን ሰጠኋት። ተሳፋሪውን በሌላ መኪና አሳፍሬ እስክጨርስ መሸ። መኪናዋ 19 ቀን ጋራዥ ቆመች። የቺንጋውን ዋጋ ከዚያ ጋር ማወዳደር አያስፈልግም። ቀይረው፣ ወንድሜ።

መልስ፦ ባለ ቪትዝ

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የደረሰብኝ። አንድ ጋራዥ ለቪትዜ የታይሚንግ ቺንጋ ልቀይርልሽ አለኝ። ቪትዝ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ የሚሠራው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው። ያንን ሳላውቅ ልከፍል ነበር። የሞተሩን ዓይነት ሳይጠይቅ «ዕድሜው ደርሷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠንቀቅ በሉ። አሮጌውን ዕቃም ሁልጊዜ ተቀበሉ። ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትገዙም የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎርጂዱ ካርቶኑ ሳይቀር ኦሪጅናል ይመስላል።

ባለ አባዱላ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ አስከፈትኩት። ቆሜ ነው ያየሁት። ቺንጋው ስንጥቅ የለውም፤ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ፣ በከንቱ አስከፈትኩ ብዬ። ከዚያ መካኒኩ ቴንሽነሩን በእጁ አዞረው፤ ኩሽኔታው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። ሁለቱንም ቀየርን። ፍሬኑን አውልቀን አየነው፣ የፊቱ ሸራ ብቻ አልቋል፤ ቀየርነው። ዲናሞ፣ ፍሪሲዮን፣ የውሃ ፖምፓ ባሉበት ናቸው።

ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በቀለም ሽፋኑ ላይ ጻፍኩ። በቀን አንድ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ በወር 25 ቀን ብሠራ 6,500 ይመጣል። 100,000 ማለት ለእኔ 15 ወር ብቻ ነው። ይህን እስከዛሬ አስልቼው አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ለእሱ የሚሆን እያስቀመጥኩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የካምሻፍቱ ኦይል ሲል ትንሽ ወዝቷል፤ መካኒኩ «ይቆይ» አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ትተዉታላችሁ?

መካኒክ፣ ቃሊቲ፦

አልተወውም። ዘይቱ ቺንጋው ጋ ሳይደርስ በዚህ ሳምንት አስከፍተህ ቀይረው። ቺንጋው አዲስ ነው፣ ዘይት አታስነካው።