ሳይንስ በጋዜጣ ካርቱን ይገባል? የጎንደር ልጆች ሙግት

ጥያቄው፦ የክልላችን ጋዜጦች በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ለሳይንስ ካርቱን ይስጡ ወይስ ቦታ ማባከን ነው?

የአራዳው፦ ማባከን ነው። ዛሬ ጋዜጣ ማን ይገዛል? ፒያሳ ውጡና እዩ፣ ሁሉም ስልኩን ነው የሚጎረጉረው። ደግሞ ሳይንስ በአራት ሳጥን ተቆራርጦ ሲቀርብ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሰናይት፦ ኧረ ጋሼ፣ የተሞከረ ነገር እኮ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሶቭየቶች የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ተደናገጠች። ያኔ አቴልስታን ስፒልሃውስ የሚባል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዲን፣ የባሕርን ሙቀት በየጥልቀቱ የሚለካ መሣሪያ የሠራ ሰው ነው፣ ልጆች ወደ ሳይንስ ይሳቡ ብሎ ለእሁድ ጋዜጣ ካርቱን መጻፍ ጀመረ። እሱ ይጽፋል፣ ሰዓሊ ይስልለታል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንኳ ሳይንስ የተማርኩት ካንተ ካርቱን ነው ብለውታል ይባላል።

የአራዳው፦ እዚያ ጋዜጣው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እኛ የምናገኘው ቆሎ ሲጠቀለልበት ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ ጥሩ አነሱት! ቆሎ የተጠቀለለበትን ርዕሰ አንቀጽ ማንም አያነብም፣ ስዕል ካለበት ግን ቆሎው ሳያልቅ ይታያል። ለስዕል ደግሞ መቼ እንግዳ ሆንን? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ፊደል ያልቆጠረውም ታሪኩን ይከታተላል።

ነርሷ፦ ስለ ወረቀቱ ተከራከራችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ስዕሉ ነው። ካላዛርን ውሰዱ፣ የአሸዋ ዝንብ ስትነድፍ የምታስተላልፈውን በሽታ። ሰሊጥ ሊያርም መተማና ሁመራ የሚወርደውን ልጅ የምትነድፈው የአሸዋ ዝንብ ከቢንቢ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ቀን የጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ማታ ትወጣለች። ሰዓሊው ጎልታ ትታይ ብሎ የቤት ዝንብ ካሳከላት፣ ልጁ ትልቅ ዝንብ ሲጠብቅ ያድራል።

የአራዳው፦ ይኸው! ምን አልኩ?

ነርሷ፦ አይ ጋሼ፣ ይቅር አላልኩም። አጠገቧ አንድ የሰሊጥ ፍሬ ይሳል፣ ልክ እሷን ነው የምታክለው፣ አራሚው ደግሞ ሰሊጥን ከማንም በላይ ያውቃል። መጨረሻው ሳጥን ላይ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውና ሆዱ ያበጠው ልጅ ሐኪም ቤት ሲሄድ ይታይ። ከመታተሙ በፊት ግን በሽታውን የሚያክም ሰው ይየው።

የአራዳው፦ ሰሊጧ ገብታኛለች። ግን ልጆቹ ሐምሌ ላይ ሳይወርዱ ይደርሳል? ጥቅምት ላይ ታትሞ ለማን ነው?

የአዘዞ ልጅ፦ መናኸሪያ ይለጠፋ ጋሼ፣ መኪና ሲጠብቁ ያዩታል።